ክረምት የማይነቅለው ኮላ፦ ብረትን በፋይበር ሌዘር አዘጋጅቶ ማጣበቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ታፔላ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። በበጋ የተለጠፈ የስቴንለስ ፊደል እስከ ሰኔ ንቅንቅ አይልም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ይወርድበታል። መስከረም ላይ ደንበኛው ይደውላል፤ «አንዱ ፊደል ወድቋል» ይላል። ሄዳችሁ ስታዩት ኮላው አልተሰበረም። ግድግዳው ላይ ካለው የአሉሚኒየም መያዣ ጋር እንዳለ ቀርቷል። የፊደሉ ጀርባ ግን ኮላ ነክቶት የማያውቅ ይመስል ያብለጨልጫል።

ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ኮላ ይቀይራል። ውድ ኮላ ይገዛል። በዓመቱ ያው ስልክ ይደወላል። ጥፋቱ ያለው ኮላው ከመቀባቱ በፊት፣ የብረቱ ገጽ ላይ ነው።

እኔ ጎፋ አካባቢ ባለች ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ በፋይበር ሌዘር እሠራለሁ። የዘወትር እንጀራችን የማሽን ስም ሰሌዳ፣ ሜዳሊያና ቁልፍ መያዣ ላይ ጽሑፍ መቅረጽ ነው። ይኸው ማሽን ግን ሌላም ሙያ አለው። ብረት ከመጣበቁ በፊት ገጹን አጽድቶና አሻክሮ ለኮላ ያዘጋጃል። ከተማችን ውስጥ ይህ ማሽን ያላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ሲያውሉት ግን እምብዛም አላይም። ይቆጨኛል። ስለዚህ አሠራሩን ከነቁጥሩ እጽፈዋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የሌዘሩ ትልቁ ጥቅም ማሻከሩ አይደለም። ማሻከር ብቻ ከሆነ የብርጭቆ ወረቀትም ያሻክራል። ትልቁ ጥቅም ቆሻሻውን ነቅሎ በቦታው አዲስና ንጹሕ ኦክሳይድ፣ ማለትም ብረት ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚለብሰውን ስስ ሽፋን፣ መተው ነው። በጣም ጥልቅ ቦይ የሚቆፍር ሰው ይህን ስላልተረዳ ነው የሚደክመው።

ኮላ የሚይዘው ምኑን ነው?

አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ቀጭን ኦክሳይድ ይለብሳል። ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ነው። ስቴንለስም የራሱ የክሮሚየም ኦክሳይድ አለው። ኮላ በቀጥታ የሚይዘው ይህን ሽፋን ነው። ከሽፋኑ በላይ ደግሞ ላሜራው ፋብሪካ ውስጥ ሲዳመጥ የተቀባው ዘይት፣ የእጅ ወዝና አቧራ አለ። ይህ ሳይነሳ ብትቀቡ ኮላው የሚጨብጠው ዘይቱን ነው።

ቀጥሎ ውሃ ይመጣል። ኢፖክሲ (ሁለት ክፍሉ ተቀላቅሎ የሚደርቀው ጠንካራ ኮላ) ውሃ የማያስገባ ይመስለናል፤ ቀስ እያለ ግን ያስገባል። በጠርዙም በኩል ይሰርጋል። ውሃው መገጣጠሚያው ጋ ሲደርስ የአሉሚኒየሙን ኦክሳይድ ወደ ሃይድሮክሳይድ ይለውጠዋል። ሃይድሮክሳይድ ያብጣል፤ ደካማም ነው። ከዚያ ኮላው ሳይሰበር ከብረቱ ይለያል። ደረቅ ሆኖ ስትፈትኑት ጠንካራ የነበረ መገጣጠሚያ ከአንድ ክረምት በኋላ የሚላቀቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አቪዬሽን ውስጥ ይህ ችግር የሰው ሕይወት አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. አፕሪል 28 ቀን 1988 የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሃዋይ ላይ በ24,000 ጫማ ከፍታ እየበረረ ሳለ ከካቢኑ ጣሪያ 5 ሜትር ተኩል ያህሉ ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች። አብራሪዎቹ ማዊ ደሴት ላይ አሳረፉት። የአካሉ ላሜራዎች ተደራርበው በኮላና በሪቬት የተያያዙ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ 737ቶች የተጣበቁበት፣ ኮላውን በክፍል ሙቀት የማድረቅ አሠራር እርጥበትና ዝገትን የሚቋቋም አልነበረም። ኮላው ሲላቀቅ ጭነቱ ወደ ሪቬቶቹ ዞረ። ስንጥቁም ከሪቬት ቀዳዳዎቹ ጀመረ። መርማሪዎቹ ጥገናው ይህን ቀድሞ አለማየቱን ጽፈዋል።

አቪዬሽን መፍትሔውን ያገኘው በአሲድ ነው። መጀመሪያ ክሮሚክ አሲድ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ቦይንግ ያዳበረው የፎስፎሪክ አሲድ አኖዳይዚንግ (አሲድ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኦክሳይድ ማሳደግ) መጣ። ሁለቱም ጥሩ ኦክሳይድ ይሠራሉ። ነገር ግን ክሮሚክ አሲድ ውስጥ ያለው ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም፣ መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት፣ ካንሰር ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት ከሴፕቴምበር 2017 ጀምሮ ክሮሚክ አሲድ የሚሠራበትን ክሮሚየም ትራይኦክሳይድ ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀም ከልክሏል። ለእኛ ዓይነት ወርክሾፕ ደግሞ የአሲድ ገንዳ ማስቀመጥ ጭራሽ አይታሰብም። ፍሳሹ የት ይሄዳል? ሌዘር የሚወደደው እዚህ ላይ ነው። ገንዳ የለውም፤ ፍሳሽም የለውም። የፈለጋችሁትን ቦታ ብቻ ይነካል።

የሚሆነውና የማይሆነው ማሽን

የሚሆነው 1064 ናኖሜትር ሞገድ ያለው፣ ብርሃኑን በምት በምት የሚለቅ ፋይበር ሌዘር ነው። 20 ዋቱ ይበቃል፤ 30 ወይም 50 ዋት ከሆነ ሥራው ይፈጥናል። 20 ዋት ማሽን በ20 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 20,000 ምት) ሲሠራ እያንዳንዱ ምት 1 ሚሊጁል ይይዛል። ትንሽ ይመስላል። ግን ምቱ የሚቆየው 100 ናኖሰከንድ ገደማ ስለሆነ በዚያች ቅጽበት ኃይሉ 10 ኪሎዋት ይደርሳል። የብረቱ ገጽ ይቀልጣል፣ ይተናል፤ ሥሩ ያለው ብረት ግን ሙቀቱን ሳያውቀው ያልፋል። ምስጢሩ ይኼ ነው።

አክሪሊክና እንጨት የሚቆርጠው ሲኦቱ ሌዘር አይሆንም። ሞገዱ 10.6 ማይክሮሜትር ነው፤ ብረት አብዛኛውን ያንጸባርቀዋል። ትንንሾቹ ሰማያዊ ዳዮድ ሌዘሮችም አቅም የላቸውም። ለብየዳ የሚሠራው፣ ሳያቋርጥ የሚለቀው የእጅ ሌዘር ደግሞ ብረቱን ያግላል እንጂ ገጹን አያዘጋጅም።

ዓይናችሁንና ሳንባችሁን

ይህን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉ። የ1064 ብርሃን በዓይን አይታይም። ስለማይታይ ዓይን አይጨፍንም። የዓይን ሌንስ ግን ሬቲና ላይ ይሰበስበዋል፤ የተቃጠለ ሬቲና ደግሞ አይመለስም። የሚያብረቀርቅ ስቴንለስ ጨረሩን ወደ እናንተ ሊመልሰው ይችላል። መነጽሩ ላይ 1064 የሚል ጽሑፍና ቢያንስ ኦዲ 6 (ጨረሩን የመከልከል መጠኑ) መኖሩን አረጋግጡ። ከማሽኑ ጋር በነጻ የሚመጣው አረንጓዴ ፕላስቲክ ምንም ካልተጻፈበት አትመኑት። የሲኦቱ ሌዘር መነጽርም ለዚህ አይሠራም። ማሽኑ ሽፋን ከሌለው ከላሜራ ሳጥን ሥሩለት። ልጆችና ደንበኞች ቆመው የሚያዩበት ቦታ ላይ በፍጹም አትክፈቱት።

ጭሱም እንደዚያው ነው። ስቴንለስ ሲተን ያው የሸሸነው ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ጭሱ ውስጥ ይኖራል። ጋልቫናይዝድ ላሜራ ዚንክ ያተናል፤ የበየዳችሁ ሁሉ የምታውቁትን ትኩሳት ያመጣል። የአሉሚኒየም ብናኝ ደግሞ ደቃቅ ስለሆነ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ጭሱን ከምንጩ የሚስብ ቱቦና ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ሄፓ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ማጣሪያው ውስጥ የአሉሚኒየምን ብናኝ ከብረት ብናኝ ጋር አታከማቹ፤ ቶሎ ቶሎ አጽዱት። ማራገቢያ ወደ በሩ ማዞር ጭሱን ወደ ጎረቤት መላክ ነው።

ከሌዘሩ በፊት

ሌዘር ዘይት ያቃጥላል ብላችሁ ዘይታም ላሜራ ሥሩ ላይ አታስገቡ። ወፍራም ዘይት ሲቃጠል ጥላሸት ይሆናል፤ ጥላሸቱም የቀለጠው ብረት ውስጥ ይገባል። የስቴንለስ ላሜራ ላይ ያለውን መከላከያ ላስቲክ ላጡ። ላስቲኩ ሲላጥ የራሱን ሙጫ ትቶ ይሄዳል፤ በዓይን አይታይም። በአሴቶን ወይም በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉት። በአንድ ጨርቅ አርጥባችሁ፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አንሱት። እንደ ወለል ወዲህና ወዲያ ካሻችሁት ቆሻሻውን ማዞር ብቻ ነው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት።

ለጥፍር ቀለም የሚሸጠው አሴቶን አይሆንም፤ ቅባትና ሽቶ ይጨመርበታል። ቤንዚንና ነጭ ጋዝም አይሆኑም፤ ተንነው ሲያልቁ ቅባት ይተዋሉ። አሴቶኑ ሙሉ በሙሉ ሳይተን ሌዘሩን አታብሩ፤ እሳት ይነሳል። ከዚህ በኋላ ያለ ንጹሕ ጓንት ገጹን አትንኩ።

ላሜራው አኖዳይዝ የተደረገ ወይም ቀለም የተቀባ ከሆነ መጀመሪያ ያ ሽፋን መነሳት አለበት። ሌዘሩ ሊያነሳው ይችላል፤ ጊዜ ግን ይወስዳል።

ቁጥሮቹ

አሁን ወደ ኢዚካድ፣ ማሽኑን ወደምናዝበት ሶፍትዌር እንሂድ። ማወቅ ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው፤ የጨረሩ ነጥብ ስፋት፣ በምቶቹ መካከል ያለው ርቀት፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት።

110 በ110 ሚሊሜትር የሚሠራው የተለመደው ሌንስ ነጥቡ 50 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። በምቶች መካከል ያለው ርቀት ፍጥነቱ ለፍሪኩዌንሲው ሲካፈል ይገኛል። 1000 ሚሊሜትር በሰከንድ ለ20,000 ሲካፈል 0.05 ሚሊሜትር ነው። ነጥቡም 0.05፣ ርቀቱም 0.05። ስለዚህ ምቶቹ ጎን ለጎን ይነካካሉ እንጂ እላይ በላይ አይከመሩም። የሄች ርቀቱንም (በመስመሮቹ መካከል ያለውን) 0.05 ስታደርጉት አብዛኛው ገጽ አንዴ ይመታል፤ በክብ ምቶቹ መሃል ግን ትንንሽ ያልተነኩ ማዕዘኖች ይቀራሉ።

ለአሉሚኒየም ከዚህ ጀምሩ፦ ፓወር 80 እስከ 90 በመቶ፣ ፍጥነት 1000፣ ፍሪኩዌንሲ 20 ኪሎኸርዝ፣ ሄች 0.05። አንዴ በ0 ዲግሪ፣ አንዴ በ90 ዲግሪ። 25 በ12.5 ሚሊሜትር የሆነ ቦታ በአንዱ አቅጣጫ 250 መስመር ይወስዳል። ሌዘሩ 6 ሜትር ተሩብ ይሮጣል፤ 6 ሰከንድ ያህል ማለት ነው። ከዚያ በዝቅተኛ ፓወር፣ 30 በመቶ አካባቢ፣ በድርብ ፍጥነት አንድ የመጨረሻ ዙር እጨምራለሁ። የመጀመሪያው ዙር የበተነውንና ላዩ ላይ ተመልሶ ያረፈውን ብናኝ ያነሳል። ብዙ ሰው ይህን ዙር ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም ይበልጥ የምጠነቀቅለት እሱን ነው፤ ኮላ ልል ብናኝን ከያዘ ዘይት ከመያዝ አይሻልምና።

ስቴንለስ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ስቴንለስ ሙቀት የሚያስተላልፈው ከአሉሚኒየም አሥር እጥፍ ገደማ ባነሰ መጠን ነው። ሙቀቱ ስለማይሸሽ ገጹ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር ይሆናል። ያ ቀለም ለጽሑፍ ያምራል፤ ለኮላ አይሆንም። ቀለም ካያችሁ ፍጥነቱን ወደ 1500 አውጡ፣ ሄቹን ትንሽ አስፉ። የምትፈልጉት ወጥ የሆነ፣ የማያብረቀርቅ ግራጫ ነው። አሉሚኒየም ደግሞ ነጣ ያለ ግራጫ መሆን አለበት። ከጠቆረ ጥላሸት አለ።

እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው። ሁለት 20 ዋት ማሽኖች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሌንስ ይቆሽሻል፣ ምንጩ ያረጃል። ከዚያው ላሜራ ቁራጭ ላይ 10 በ10 ሚሊሜትር ካሬዎችን አሰልፉ። በአንዱ ረድፍ ፍጥነቱን ብቻ፣ በሌላው ፓወሩን ብቻ ቀይሩ። ከዚያ በነጭ ጨርቅ በደንብ ፈግፍጉት። ጨርቁን የሚያጠቁረው ካሬ ይጣላል። ፎከሱንም በየጊዜው ለኩ። ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ሚሊሜትር መዛነፍ ቀላል ነው፤ ነጥቡን ግን ያሰፋዋል፣ ምቱንም ያደክመዋል።

«ጥልቅ ባደርገው አይሻልም?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አይሻልም። ጥቂት ማይክሮሜትር፣ ቢበዛ 20 ይበቃል። ጠባብና ጥልቅ ቦይ ውስጥ ወፍራም ኮላ አይደርስም፤ ሥሩ አየር ይቀራል፣ ያ አየር በኋላ የውሃ ቤት ይሆናል። የቦዩ ታች ደግሞ ስንጥቅ የሚነሳበት ቦታ ነው። የሚንቀጠቀጥ ነገር፣ ለምሳሌ የመኪና ወይም የጄኔሬተር ክፍል ከሆነ ብረቱ ራሱ ከዚያ ሊሰነጠቅ ይችላል። 0.8 ሚሊሜትር ስቴንለስ ላይ ብዙ ዙር ከሮጣችሁ ላሜራው ይጎብጣል፤ የተወለወለው ፊትም ያሳብቅባችኋል።

ሌላው፣ ሁለቱንም ክፍሎች አዘጋጁ። ፊደሉን በሌዘር ሠርቶ መያዣውን በጨርቅ ብቻ ጠርጎ የሚለጥፍ አለ። ውሃ ደካማውን በኩል ይመርጣል። የተሠራው ቦታም ኮላው ከሚያርፍበት ዙሪያውን 2 ሚሊሜትር ይብለጥ። ጠርዝ ላይ ተርፎ የሚወጣው ኮላ በተዘጋጀ ገጽ ላይ ካረፈ ውሃ የመጀመሪያ መግቢያውን ያጣል።

መብራት በመሃል ከጠፋ ሥራው ከቆመበት መስመር ለመቀጠል አትሞክሩ። ክፍሉ ሳይነቃነቅ ከሆነ ሙሉውን አንድ ጊዜ ድገሙት።

ከሌዘሩ በኋላ፦ ጊዜው አጭር ነው

ከማሽኑ የወጣ ገጽ ውሃ ይወዳል። ከዚያው የሥራ ዙር የተሠራ ቁራጭ ላይ ዲስቲልድ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ይሆናል፣ አሲዱን እንዳታነሱ ብቻ። ውሃው እንደ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ መቅረት አለበት። ወደ ጠብታ ከተሰበሰበ ገጹ ቆሽሿል፤ ወደ ማጽዳቱ ተመለሱ።

ያው ቁራጭ መደርደሪያ ላይ ቢሰነብት ሌላ ነገር ይሆናል። ገጹ ከአየሩ ውስጥ ደቃቅ የቅባት ሞለኪውሎችን እየሳበ በቀናት ውስጥ ውሃ የሚሸሽ ይሆናል። ውሃ የሸሸው ገጽ ኮላንም አይቀበልም። ስለዚህ ደንቤ አጭር ነው። ሌዘር የነካው ዕቃ በዚያው ሰዓት ይጣበቃል፤ ቢበዛ በዚያው ቀን። ለነገ የሚቀር ካለ ሌዘሩንም ለነገ አቆየዋለሁ።

በኮምፕሬሰር አትንፉት፤ የኮምፕሬሰር አየር ዘይት ይተፋል። የሲሊከን ስፕሬይ ደግሞ ከዚህ ክፍል ይውጣ። አንድ ሰው በሩቅ ማጠፊያ ሲቀባ የረጨው ጭጋግ የቀኑን ሥራ ሊያበላሽ ይችላል። በዚህ ጉዳይ ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ አሁንም አልለቅም።

ኮላው

ባለሁለት ክፍል፣ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ ተጠቀሙ። የ5 ደቂቃውን ለውጭ ሥራ አልመክርም፤ አብዛኛው እርጥበትና ሙቀት አይችልም። ሱፐር ግሉም እንደዚያው፤ ክው ያለ ስለሆነ ሲመታ ይሰነጠቃል።

ድብልቁን በሚዛን ለኩ። በክብደትና በይዘት ያለው መጠን እንደሚለያይ አትርሱ። ለምሳሌ አራልዳይት 2011 በይዘት አንድ ለአንድ ነው፤ በክብደት ግን 100 ለ80። በሚዛን እየለኩ አንድ ለአንድ የሚያደርጉ ሰዎች ማጠንከሪያውን ያበዙታል፤ ኮላው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

መጀመሪያ ስስ አድርጋችሁ በስፓቱላ ተጫኑት፤ እየፋቃችሁ ወደ ሻካራው ውስጥ አስገቡት። ሁለቱም ገጽ ላይ። ከዚያ የቀረውን ጨምሩ። ኮላው በጣም ወፍራም ከሆነ 30 ዲግሪ አካባቢ ማሞቅ ያቀጥነዋል፤ የመሥሪያ ጊዜው ግን ያጥራል።

ክላምፕ ስታስሩ አትጨቁኑ። ኮላው በሙሉ ተጨምቆ ከወጣ የቀረው ብረት በብረት ነው። ከ0.1 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ውፍረት ሊቀር ይገባል። እኔ 0.2 ሚሊሜትር የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ሁለት ጫፍ ላይ አስቀምጣለሁ። በአሴቶን ጠርጉት እንጂ ርካሽና አስተማማኝ ነው።

የዕቃው ርዝመት ሜትር ከሆነ ሌላ ሂሳብ አለ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከስቴንለስ ይበልጥ ይለጠጣል። በሜትር በአንድ ዲግሪ አንዱ 23፣ ሌላው 17 ማይክሮሜትር ያህል። ፀሐይና ሌሊት መካከል 40 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር ሩብ ሚሊሜትር ያህል ይሳሳባሉ። 0.2 ሚሊሜትር የሆነ ደረቅ ኢፖክሲ ይህን ዕለት ዕለት ሲሸከም ይደክማል። ረጃጅም ዕቃ ላይ ወይ ኮላውን በየቦታው ከፋፍሉት፣ ወይ ወፈር ያለ ተለጣጭ ፖሊዩሬታን ተጠቀሙ።

አዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ቀዝቃዛ ነው። ቱቦው ላይ የተጻፈው የማድረቂያ ሰዓት ግን ለ23 ወይም ለ25 ዲግሪ ነው። በ12 ዲግሪ ያደረ ኢፖክሲ ጠዋት በእጅ ሲነካ ጠንካራ ይመስላል፤ ውስጡ ግን አልጨረሰም። ከፎም አንድ ሳጥን ሥሩ፤ የድሮውን ክር ያለው አምፖል ከፎሙ አርቃችሁ፣ በላሜራ ከልላችሁ አስገቡ። ቴርሞሜትር አድርጉበት። 40 ዲግሪ ላይ ጥቂት ሰዓት መቆየት ብዙ ይለውጣል።

በሽብልቅ መፈተን

ጎትቶ መፈተን ለትንሽ ወርክሾፕ ብዙ አይነግርም። 25 በ12.5 ሚሊሜትር የሆነ መገጣጠሚያ በ25 ሜጋፓስካል ቢይዝ እስኪላቀቅ ከ700 ኪሎ በላይ ክብደት ይፈልጋል። ደረቅ ሲሆን የብርጭቆ ወረቀት የነካውም ጥሩ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ልዩነቱን የሚያወጣው ውሃና ጊዜ ነው።

አቪዬሽን ለዚህ የሽብልቅ ፈተናን ይጠቀማል። እኛም በቀላሉ መሥራት እንችላለን። 3 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 25 ስፋት፣ 150 ርዝመት ያላቸውን ሁለት አሉሚኒየሞች አጣብቁ። ከዚያ የቀጠነ ከሆነ ይታጠፍና ፈተናው ይበላሻል። አንዱ ጫፍ ላይ 20 ሚሊሜትር ኮላ አይንካው። ከደረቀ በኋላ እዚያ 3 ሚሊሜትር የሆነ ሽብልቅ በመዶሻ አስገቡ። ኮላው ትንሽ ይሰነጠቅና ይቆማል። የስንጥቁን ጫፍ በጎን በኩል በመርፌ ጭረት ምልክት አድርጉበት።

ናሙናውን ከእርጥብ ጨርቅ ጋር ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ዝጉ፤ ያንን ደግሞ አምፖሉ ሳጥን ውስጥ 50 ዲግሪ ላይ አቆዩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እዩት፤ ከአንድ ቀን በኋላም እዩት። ስንጥቁ ምን ያህል ተጓዘ? የሚፈላ ውሃ ውስጥ ልጨምረው የሚል ሰው አለ። የእኛ ከተማ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ያም ይበዛል። በክፍል ሙቀት የሚደርቁ ብዙ ኢፖክሲዎች ገና 60 ዲግሪ ሳይደርሱ መለስለስ ይጀምራሉ። ያኔ የምትፈትኑት ኮላውን ነው፤ ገጹን አይደለም።

ሁልጊዜ ሦስት ናሙና አንድ ላይ አድርጉ፤ በአሴቶን ብቻ የተጠረገ፣ በብርጭቆ ወረቀት የተሻከረ፣ በሌዘር የተዘጋጀ። ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ ፈልቅቃችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ኮላው ሁለቱም ብረት ላይ ከቀረ የተሰበረው ኮላው ራሱ ነው፤ ገጹ ሥራውን ሠርቷል። አንደኛው ብረት ራቁቱን ከሆነ ውሃው አሸንፏል፤ የኮላ ስም ብትቀይሩም አይጠቅምም። እኔ ጋ ተጠርጎ ብቻ የተጣበቀው ብዙ ሳይቆይ ራቁቱን ይወጣል። በብርጭቆ ወረቀት የተሻከረው መሃል ላይ ነው፤ ስንጥቁ የተጓዘበት ቦታ ብረቱን ያሳያል። የሌዘሩ ስንጥቅ ኮላው ውስጥ ይቆያል።

ውስጥ ለሚቀመጥ፣ ውሃ ለማያገኘው ዕቃ ሌዘሩ ግድ አይደለም። በብርጭቆ ወረቀት አሻክሮ በደንብ መጥረግ ይበቃል። ከሰው ጭንቅላት በላይ ለሚሰቀል ነገር ግን ገጹ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከኮላው በተጨማሪ ሁለት ብሎን ወይም የሽቦ ማሰሪያ ከኋላ ይኑረው። ይህን ደንበኛው ባይጠይቅም አድርጉት።

ለእያንዳንዱ ሥራም አንድ ናሙና ከዋናው ዕቃ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ድብልቅ ኮላ አጣብቁ። ፓወሩን፣ ፍጥነቱን፣ ፍሪኩዌንሲውን፣ ሄቹን፣ የኮላውን ስምና ቀኑን በዚያው ሌዘር ጀርባው ላይ ጻፉበት። ወረቀት ይጠፋል፤ ናሙናው ግን ወርክሾፑ ጣሪያ ላይ በሽቦ ታስሮ ይቀመጣል፣ ቅሬታ ሲመጣም አውርዶ በሽብልቅ መክፈት ይቻላል።